የቀጥቃጩ ልጅ ማይክል ፋራዴይ

ማይክል ፋራዴይን ለምን እንደመረጥን አስቀድመን እንናገር። እዚህ አቦቦ፣ ለትምህርት መርጃ መሣሪያ የሚሆን ነገር ብናገኝበት ብለን አንድ አገልግሎቱን የጨረሰ ፕሪንተር ስንፈታ፣ ወረቀቱን የሚጎትተው ትንሽ ሞተር እጃችን ገባ። ዘንጉን በጣት ሲያዞሩት እንደ ሌላ ሞተር ዝም ብሎ አይሽከረከርም፤ ቀጭ ቀጭ እያለ በእርምጃ ነው የሚሄደው። የወጡለትን አራት ሽቦዎች አንድ ላይ ስንቋጥራቸው ደግሞ ጭራሽ ጠጠረ፤ አንድ ሰው ከውስጥ የያዘው ይመስላል። ባትሪ የለው፣ ምን የለው! ስንፈታቸው ተመልሶ ላላ። ምክንያቱን ስንጠያየቅ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ፋራዴይ ዘንድ አደረሰን።

ፋራዴይ የተወለደው በ1791 ለንደን አጠገብ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በኛ አገር ቀጥቃጭ ሲናቅ እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን፤ በእንግሊዝም ቢሆን የቀጥቃጭ ልጅ የሳይንስ ሰው ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። አባትየው በሽተኛ ስለነበር ቤቱ ችግር አያጣውም። በ1801 የእህል ዋጋ በናረ ጊዜ ለልጁ የሚደርሰው ለሳምንት አንድ ዳቦ ብቻ እንደነበር ይነገራል። ትምህርቱም ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ነበር፤ ከዚያ አላለፈም።

በ14 ዓመቱ ሪቦ ለሚባል መጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ሆኖ ገባና 7 ዓመት ሠራ። እንግዲህ ሌላው ልጅ የሚጠርዘውን መጽሐፍ በቁመትና በወርድ ሲያውቀው፣ ፋራዴይ ግን ውስጡን ገልጦ ያነብ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ያነበበው ለጥረዛ ከመጣ ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ካነበበው ውስጥ አቅሙ የፈቀደውን ያህል በዚያው በሱቁ ይሞክራል፤ ጌታውም አልከለከለውም። በ1812 ከሱቁ ደንበኞች አንዱ የታዋቂውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት የሚያስገባ ትኬት ሰጠው። አራት ጊዜ ሄዶ የሰማውን ጻፈ፣ ሥዕሉን ሣለ፣ ራሱ ጠረዘና ሥራ ለምኖ ለዴቪ ላከለት። በ1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

በዚያው ዓመት ዴቪን ተከትሎ አውሮፓን ሊዞር ሄደ። ጉዞው 18 ወር ያህል ፈጀ። በስም የሳይንስ ረዳት ይሁን እንጂ የአሽከር ሥራም በላዩ ተጭኖበት ነበር፤ በተለይ የዴቪ ባለቤት እንደ አሽከር ነበር የምታየው። ፋራዴይ ግን በየከተማው ያገኛቸውን ሊቃውንት እያየና እየጠየቀ ተመለሰ።

በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስተድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አሳየ። በመስከረም 1821 ፋራዴይ ባዝቃ በሞላበት ዕቃ ውስጥ ማግኔት አቆመ፤ ከላይ የተንጠለጠለችውን ሽቦ ጫፏን ባዝቃው ውስጥ አስነክቶ ከባትሪ ጋር ሲያገናኛት ማግኔቱን ትዞር ጀመር። በኤሌክትሪክ የማያቋርጥ መዞር የተገኘው ያኔ ነው። ደስታው ግን ወዲያው ወደ ጭንቅ ተለወጠ። ዎላስተን የሚባል ትልቅ ሳይንቲስት በዚሁ ጉዳይ ከዴቪ ጋር ይመክር ነበርና፣ ፋራዴይ ስሙን ሳይጠራ ግኝቱን ስላሳተመ የሰው ሐሳብ ወሰደ ተብሎ ታማ። የዎላስተን ሐሳብ ሽቦዋ በራሷ ዙሪያ ትሽከረከራለች የሚል ስለነበር፣ በእኛ አስተያየት ሐሜቱ ፍትሐዊ አልነበረም። ቢሆንም ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲታጭ ዋናው ተቃዋሚው ያው ያሳደገው ዴቪ ሆነ። ሆኖም በ1824 ተመረጠ።

የ1821ዷ ሽቦ ትዞራለች እንጂ አትታዘዝም፤ እዚህ ላይ ቁሚ ብትሏት አትሰማም። ከፕሪንተሩ ያወጣነው ስቴፐር ሞተር ግን ታዛዥ ነው። ፋራዴይ አልሠራውም፤ እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ነው። የተለመደው ዓይነት አንድ ዙር በ200 እርምጃ ይጨርሳል፤ አንዷ እርምጃ 1.8 ዲግሪ መሆኗ ነው። የሚያዘው ድራይቨር የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። ከመቆጣጠሪያው አንድ ምት በመጣ ቁጥር ድራይቨሩ በጥቅልል ሽቦዎቹ የሚያልፈውን ጅረት በተራ ይለዋውጣል፤ ማግኔቱም ተከትሎ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ምቱ ሲፈጥን ሞተሩ ይፈጥናል፤ ተራው ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይዞራል። ጅረቱን ለሁለቱ ጥቅልሎች መጥኖ ካከፋፈለ ደግሞ አንዷን እርምጃ 16 ቦታ ሊከፍላት ይችላል፤ ያን ጊዜ ንዝረቱ ይቀንሳል።

ታዲያ ድራይቨሩን የሚታገለው ፋራዴይ ራሱ በ1831 ያገኘው ነገር ነው። ነሐሴ 29 ቀን በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅልሎች ጠምጥሞ አንዱን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ፣ ከሌላው ጋር የተያያዘችው መርፌ ለቅጽበት ተነቃንቃ ተመለሰች። ሲያላቅቀው እንደገና ተነቃነቀች። ጅረቱ ሳይለወጥ ሲቆይ ግን ምንም የለም! ኤሌክትሪክን የሚወልደው ለውጡ ነው። በስቴፐር ሞተርም እንዲሁ፣ ድራይቨሩ ጅረቱን በለወጠ ቁጥር ጥቅልሉ ለውጡን የሚቃወም ቮልቴጅ ያበቅላል፤ የሚዞረው ማግኔትም የራሱን ይጨምርበታል። ምቱ ሲበዛ ጅረቱ ሳይሞላ ተራው ያልፋል፤ ጉልበት ይደክማል፤ ሞተሩም እርምጃ ይስታል። ክፋቱ፣ መመልከቻ ካልተገጠመለት በቀር ድራይቨሩ መሳቱን አያውቅም፤ ቆጠራውን ይቀጥላል። መድኃኒቱ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሰጥቶ፣ ጅረቱ የተወሰነለት ልክ ሲደርስ መቁረጥ፣ ሲቀንስ መልቀቅ ነው፤ ይህንንም በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ያደርገዋል። ያለዚያ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ደግሞም ቀስ ብሎ ጀምሮ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ መጨመር አለበት።

የቋጠርነው ሞተር የጠጠረውም በዚሁ ነው። ማግኔቱን ስናዞር በተዘጋው ሽቦ ውስጥ ጅረት ይወለዳል፤ የተወለደው ጅረት ደግሞ የጣታችንን ግፊት ይቃወማል።

ፋራዴይ ከፍተኛ ሒሳብ አያውቅም ነበር፤ ግኝቶቹን በቀመር የጻፈለት ኋላ የመጣው ማክስዌል ነው። እሱ ያየውን በሥዕልና በቃል ያስረዳል። ለኛ ለዕጩ መምህራን ከሁሉ የሚበልጥብን ይህ ነው። ከ1827 እስከ 1860 ባለው ጊዜ 19 ዓመት በገና ሰሞን ለልጆች ሳይንስ አስተምሯል፤ አንዲት ሻማ ይዞ ስለ ቃጠሎና ስለ አየር ተከታታይ ትምህርት ሰጥቷል። አነጋገሩን ለማሻሻልም መምህር ቀጥሮ ተማረ። ሲናገር ስለሚፈጥን፣ ቀስ እንዲል የሚያሳስበውን ካርድ ረዳቱ ፊቱ ያስቀምጥለት ነበር። እኛም በልምምድ ትምህርታችን ስንደነግጥ እንደምንሮጥ የታዘበን ያውቃል!

የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነትና የሰር ማዕረግ ቢቀርቡለት አልተቀበለም። በእርጅናው የማስታወስ ኃይሉ ደክሞ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1867 በ75 ዓመቱ አረፈ።

ሞተሩ በትምህርት መርጃ ማዕከሉ ጠረጴዛ ላይ አለ። ከአንዱ ጥቅልል ሁለት ሽቦዎች ጋር ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል አገናኝታችሁ ዘንጉን ፈጠን አድርጋችሁ ብታዞሩት ያለ ባትሪ ብልጭ ይላል። ስትጨርሱ ግን ሽቦዎቹን ቋጥራችሁ አትተዉብን፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ጠጥሮ ሲያገኘው ተበላሽቷል ብሎ እንዳይጥለው።