አርማወር ሐንሰን፦ በአዲስ አበባ ስሙ የቀረ የበርገን ሐኪም

በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የሚገኘው የምርምር ተቋም የአርማወር ሐንሰንን ስም ተሸክሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል። በሥነ ሕይወትና በሕክምና ትምህርት ያለፈ ሰው ስሙን ሳይሰማ አይቀርም፤ ከስሙ በስተ ጀርባ ያለውን ሰው የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የዚያን ሰው ሕይወት ይተርካል። ሐንሰን ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረው ስጋ ደዌ በዘር የሚወርድ ነው ከሚለው እምነት ጋር ነበር። ይኸው እምነት ዛሬም በጎጃም ገጠሮች፣ እንደ ግምጃ ቤት ባሉ ከተሞች ዙሪያ ጭምር፣ ጋብቻ ያፈርሳል፤ ጎረቤትንም ከጎረቤት ያርቃል። ስለዚህ ታሪኩ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሐንሰን ጁላይ 29 ቀን 1841 በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው የወደብ ከተማ በበርገን ተወለደ። ከ15 ልጆች 8ኛው ነበር። አባቱ ነጋዴ ነበር፤ ንግዱ ከስሮ ቤተሰቡ ስለ ተቸገረ ሐንሰን የሕክምና ትምህርቱን በክርስቲያንያ፣ በዛሬዋ ኦስሎ፣ የተከታተለው ራሱ እየሠራ ወጪውን በመሸፈን ነው። በ1866 ተመርቆ ለጥቂት ጊዜ በሎፎተን ደሴቶች ለዓሣ አጥማጆች ሐኪም ሆኖ አገለገለ። በ1868 ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰና በስጋ ደዌ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ።

በርገን በዚያ ዘመን የስጋ ደዌ ምርምር ዋና ማዕከል ነበረች። የኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ ደሃ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች በበሽታው ክፉኛ ይጠቁ ስለ ነበር፣ መንግሥት ከ1856 ጀምሮ ታማሚዎችን በስም የሚመዘግብበት አገር አቀፍ መዝገብ ከፍቶ ነበር። የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ዳንኤል ኮርኔሊየስ ዳንኤልሰን ከባልደረባው ከካርል ቪልሄልም ቦክ ጋር በ1847 ያሳተመው መጽሐፍ በሽታውን በሳይንሳዊ መንገድ የገለጸ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ነው። ዳንኤልሰን ግን ስጋ ደዌ በዘር ይወርዳል ብሎ ያምን ነበር። ለማረጋገጥም ከታማሚ ሰውነት የወጣ ነገር በራሱ አካል ላይ ከተበ፤ አልታመመም። ከዚያም በመነሣት በሽታው አይተላለፍም ብሎ ደመደመ። ድፍረቱ የሚደነቅ፣ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነበር፤ የሰው ልጅ አብዛኛው ክፍል ይህን ተሐዋስ በተፈጥሮው መቋቋም እንደሚችል በዚያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም።

ሐንሰን በዚህ አንጋፋ ሐኪም ሥር ሠራ፤ አከበረው፤ በሐሳብ ግን ተለየው። የመጀመሪያ ትኩረቱ የሊምፍ እጢዎች፣ በተለምዶ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው፣ በጤናና በሕመም ጊዜ ያላቸው አሠራር ነበር፤ በዚህ ላይ የጻፈው ጥናት በ1871 ታተመ። በ1870 እና በ1871 በቦንና በቪየና የሕብረ ሕዋስ ምርመራን ጥበብ ተማረ። በጉዞው ከቻርልስ ዳርዊን ሥራዎች ጋር ተዋወቀ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም የዳርዊን ሐሳብ አስተማሪ ሆኖ ቀረ። ከመመለሱም በየገጠሩ እየዞረ የታማሚ ቤተሰቦችን ታሪክ መመርመር ጀመረ። መዝገቡንና በየመንደሩ የሰማውን አስተያይቶ ሲያየው፣ በሽታው የሚከተለው የደም ሐረግን ሳይሆን አብሮ መኖርን፣ አንድ አልጋና አንድ ማዕድ መጋራትን መሆኑን ተረዳ። ብዙዎች ሐንሰንን በማይክሮስኮፕ ብቻ ያስታውሱታል፤ በእኔ ግምት ግን የጥርጣሬው መነሻ ይህ የእግር ጉዞና የመዝገብ ሥራ ነው። ማይክሮስኮፑ የመጣው ምን እንደሚፈልግ ካወቀ በኋላ ነው።

1873 ለሐንሰን የደስታም የሐዘንም ዓመት ነበር። በጃንዋሪ የዳንኤልሰንን ልጅ ስቴፋኒን አገባ። በፌብሩዋሪ 28 ቀን ከአንድ ታማሚ እባጭ ቆርጦ ባወጣው ሥጋ ላይ፣ ምንም ቀለም ሳይቀባ፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ቀጫጭን በትር መሰል አካላትን አየ። በኦክቶበር ደግሞ ስቴፋኒ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ሐንሰን በ1875 ሌላ ሚስት አግብቶ አንድ ወንድ ልጅ ወለደ፤ ልጁንም በቀድሞ አማቱ በዳንኤልሰን ስም ጠራው።

ያየውን ነገር በ1874 በኖርዌይ የሕክምና መጽሔት ሲያሳትም ቃሉ ቁጥብ ነበር። በትሮቹ የበሽታው ምክንያት ሳይሆኑ እንዳልቀሩ አመለከተ እንጂ አረጋገጥሁ አላለም። ሮበርት ኮኽ ስለ አንትራክስ የጻፈው በ1876፣ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያስታወቀው በ1882 መሆኑን ስናስብ፣ ሐንሰን ምን ያህል ቀድሞ እንደ ሄደ እንረዳለን። ነገር ግን ባክቴሪያውን በዕቃ ውስጥ ማብቀል አልቻለም፤ ጥንቸል ላይ ቢከትበውም አልያዘም። በ1879 አልበርት ናይሰር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ወደ በርገን መጣ። ሐንሰን ናሙናዎቹን በደግነት ሰጠው። ናይሰርም አገሩ ተመልሶ በአዳዲስ ቀለሞች ባክቴሪያውን ጎልቶ እንዲታይ አድርጎ አቀለመው፤ ግኝቱንም እንደ ራሱ አድርጎ አሳተመ። ሐንሰን በ1880 በበርካታ ቋንቋዎች ጽፎ ቀዳሚነቱን አስከበረ። ናይሰር በማቅለም የተሻለ እንደ ነበር መካድ አይቻልም፤ መጀመሪያ ያየው ግን ሐንሰን ነው።

ይህ የቀዳሚነት ግፊት ሳይሆን አይቀርም ሐንሰንን ወደ ሕይወቱ ጥቁር ነጥብ የገፋው። ኖቬምበር 3 ቀን 1879 በሆስፒታሉ ለብዙ ዓመታት የኖረች፣ ነርቭ የሚያጠቃው የስጋ ደዌ ዓይነት የያዛት ካሪ የምትባል የ33 ዓመት ሴት ነበረች። ሐንሰን ፈቃዷን ሳይጠይቅ፣ ምን ሊያደርግ እንደ ሆነም ሳይነግራት፣ ከሌላ ታማሚ እባጭ የተወሰደ ነገር በስለት ጫፍ ዓይኗ ላይ ከተበ። እባጭ ቢወጣ ኖሮ የመተላለፉ ማስረጃ በእጁ ይገባ ነበር። አልወጣም። ሴቲቱ ግን ታመመች፤ ደነገጠች፤ ነገሩን ለሆስፒታሉ ቄስ አስታወቀች። ጉዳዩ በርገን ፍርድ ቤት ቀረበ። ሐንሰን ፈቃድ አለመጠየቁን አልካደም፤ ብጠይቃት እሺ አትለኝም ብሎ ማሰቡን ተናገረ። ይህ መከላከያ ከክሱ ይልቅ ይከብዳል። በ1880 ፍርድ ቤቱ በሆስፒታሉ የነበረውን የሐኪምነት ሥራ አስለቀቀው፤ በ1875 የተሾመበትን የአገሪቱን የስጋ ደዌ ዋና ሐኪምነት ግን አልነካበትም። ስለ ሐንሰን የሚጻፉ ብዙ አጫጭር ታሪኮች ይህን ክፍል ይዘሉታል። መዝለል አይገባም፤ የታማሚ ፈቃድ የሚባለው ነገር ገና ደንብ ባልወጣለት ዘመን፣ አንዲት ደሃ ሴት በታላቅ ሳይንቲስት ላይ የረታችበት ፍርድ ነውና።

ሐንሰን ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ሙከራ ብዙም አልተመለሰም። ኃይሉን ለሕግና ለሕዝብ ጤና አዋለ። በ1877 እና በ1885 የወጡት የኖርዌይ የስጋ ደዌ ሕጎች በእርሱ ግፊት የተረቀቁ ናቸው። በሁለተኛው ሕግ መሠረት ታማሚው ቢያንስ በቤቱ የተለየ ክፍልና አልጋ እንዲኖረው፣ ይህ ካልተቻለ ወደ ሆስፒታል እንዲገባ ይገደድ ነበር። በ1875 ከ1,700 በላይ የነበረው የታማሚዎች ቁጥር በ1901 ከ600 በታች ወረደ። ሐንሰን ይህን የሕጉ ፍሬ አድርጎ ቆጠረው፤ የኑሮ መሻሻሉ፣ የቤቱ መስፋት፣ የምግቡ መጨመርም የድርሻቸውን እንዳደረጉ ግን መጠርጠር ይቻላል። የ1897ቱ የበርሊን ጉባኤ የመተላለፉን ሐሳብ ተቀበለ። ሌሎች አገሮች የኖርዌይን ሕግ ሲቀዱ ለዘብ ያለውን ክፍል ትተው ጠጣሩን ወሰዱ፤ በደሴት ላይ ማጋዝም ሳይንሳዊ ካባ ለበሰ። ሁለተኛው ጉባኤ በ1909 በበርገን ሲካሄድ ሐንሰን ሊቀ መንበር ነበር። ልቡ ታሞ ሳለ በሥራ ጉዞ ላይ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1912 በፍሎሮ ሞተ።

ሐንሰን ሳያየው የቀረው ብዙ ነው። ያገኘው ባክቴሪያ እስከ ዛሬ በሰው ሠራሽ መኖ ላይ አልበቀለም፤ በ1960 በአይጥ መዳፍ ውስጥ፣ ቀጥሎም በአርማዲሎ ሰውነት ውስጥ ማራባት ተቻለ። ለመከፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ በበሽታው የተያዘ ሰው ምልክት የሚያሳየውም ከዓመታት በኋላ ነው። ተሐዋሱ ነርቭን ይጎዳል፤ ነርቩ ሲሞት እጅና እግር ይደነዝዛሉ፤ የደነዘዘ እግር እሾህም እሳትም አያውቅም። ጣቶች የሚያጥሩት በሽታው ስለ በላቸው ሳይሆን ሳይታወቅ በቆየ ቁስል፣ በምርቀዛና በአጥንት መመናመን እንደ ሆነ የታወቀው በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ነው። በሕንድ ፖል ብራንድ፣ በአፍሪካ ደግሞ ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛውያን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች አንድ ቀላል ነገር አስተዋሉ፦ የስጋ ደዌ ታማሚ ቁስል በጀሶ ታስሮ ከጫና ካረፈ እንደ ማንኛውም ሰው ቁስል ይጠግጋል። የጎደለው ሕመም የመሰማት ችሎታ እንጂ የሥጋው የመዳን ኃይል አልነበረም።

በአዲስ አበባ የሐንሰን ስም የተሰጠው ተቋም በ1970 ሥራ ሲጀምር የያዘው ጥያቄ ከዚህ የሚቀጥል ነው። የመሠረቱት የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ከቀደምት ዳይሬክተሮቹ አንዱ ኖርዌያዊው ቶሬ ጎዳል ነበር። ጎዳልና ባልደረቦቹ ከታማሚዎች ደም የተለዩ ነጭ ሕዋሳት ለባክቴሪያው የሚሰጡትን ምላሽ በቤተ ሙከራ ለኩ። ከጥናቶቹ የተገኘው ግንዛቤ ለሐንሰን እንግዳ ይሆንበት ነበር፦ ሰውነት ተሐዋሱን ሊከላከል ሲነሣ የሚቀሰቅሰው ብግነት ራሱ ነርቭን ሊገድል ይችላል። በዚህም ምክንያት መድኃኒት ባክቴሪያውን ከጨረሰ በኋላም እንኳ አንዳንድ ታማሚ እጁ ሊሽመደመድበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ያወጣው ጥምር መድኃኒት ተሐዋሱን ይፈውሳል፤ የሞተ ነርቭ ግን አይመልስም። ቶሎ መታከም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ግምጃ ቤት እዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በእግር ነው። የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ያለችበት የአዊ ደጋ በእሳተ ገሞራ የተሠራ ምድር ነው፤ በእንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ ምስክር ነው። ከዚህ ዓይነት ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር እህል ያበቅላል፤ በባዶ እግር የሚሄደውን ገበሬ ግን እግሩን ያሳብጠዋል። በኢትዮጵያ በስጋ ደዌ ሕክምና ላይ ይሠራ የነበረው ያው ፕራይስ ዝሆኔ የሚባለውን እብጠት ትንኝ በሌለበት ደጋ ሲያየው ተገረመ። የበሽታውን ስርጭት ከአፈሩ ጋር አስተያየ፤ ከባልደረቦቹ ጋርም በባዶ እግር ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት የተወሰዱ ንፍፊቶችን መረመረ። በውስጣቸውም እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣቶች ተገኙ። በ1985 በታተመው ሙከራ ሲሊካው በጥንቸል ሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ብግነትና ጠባሳ እንደሚያስከትል ታየ። ሐንሰን የምርምር ሕይወቱን የጀመረው በእነዚሁ እጢዎች ነበር። ፕራይስ በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው።

በዝሆኔ ጉዳይ የዘር ነገር ሙሉ በሙሉ አልተወገደም። በ2012 ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የጂኖም ጥናት፣ አንዳንድ ሰዎች በሰውነት መከላከያ ጂኖቻቸው ምክንያት ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ እንደ ሆኑ አመለከተ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም፤ ያን ጂን የያዘ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ እግሩ አያብጥም። ያበጠውም ቢሆን በየዕለቱ በውሃና በሳሙና ሲታጠብ፣ ቆዳው በቅባት ሲለሰልስ፣ እግሩ ሲጠቀለልና ሲተኛ ከፍ ሲል፣ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ቁስሉም ይጠግጋል። ደርቀው የጠጠሩት እባጮች ግን በዚህ አይጠፉም፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣሉ፤ የተቆረጠውም ቦታ ጠግጎ እስኪድን ድረስ ሰውየው ወደ እርሻው መመለስ የለበትም።