ዑመር አል-ሙኽታር፦ ከዛዊያ መምህርነት እስከ ሱሉቅ

ልጅ ሳለሁ መርካቶ ውስጥ ከነበሩት ቪዲዮ ቤቶች በአንዱ የዑመር አል-ሙኽታርን ፊልም አይቻለሁ። ሽማግሌው ወደ መሰቀያው ሲራመዱ ቤቱ ጸጥ ያለው እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ይሁን እንጂ በ1981 የወጣው ያ ፊልም ታሪኩን የሚጀምረው ከ1929 ነው (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እኔን የከነከነኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ልጆች ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው በስተእርጅናቸው ጫካ ያስገባቸው ምንድን ነው?

ሸኽ ዑመር በ1860 አካባቢ በምሥራቅ ሊቢያ፣ በጦብሩቅ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ለሐጅ ሲጓዙ መንገድ ላይ ስለሞቱ በሰው እጅ አደጉ። የሰኑሲያ ጠሪቃ ማዕከል በነበረችው ጀግቡብ ስምንት ዓመት ያህል ዒልም ከቀሰሙ በኋላ የአል-ቁሱር ዛዊያ ሸኽ ሆነው ተሾሙ። ፈረንሳዮችን ለመግታትም ወደ ቻድ ዘልቀው ነበር። ዛዊያ ሲባል መስገጃ ብቻ እንዳይመስለን። ልጅ ይቀራበታል፤ መንገደኛ ያድርበታል፤ የጎሣ ጠብ ይታረቅበታል። በዙሪያው ያለው እርሻና የውሃ ጉድጓድም ወቅፍ ነው። ዛዊያውን የነካ የሕዝቡን ኑሮ ነካ ማለት ነው።

ጣልያን በ1911 ሊቢያን ወረረች። ኦቶማኖች በተከታዩ ዓመት ውል ፈርመው ሲወጡ ሰኑሲዮች ከሕዝቡ ጋር ቀሩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጦርነቱ ያለ ፋታ አልቀጠለም። በ1917 ስምምነት ተደረገ፤ በ1920 ደግሞ ሲዲ ኢድሪስ በጣልያን የበላይነት ሥር አሚር ተባሉ፤ ቤንጋዚ ላይም ምክር ቤት ተከፈተ። ሕዝቡ መሬቱና ሃይማኖቱ ካልተነኩበት ከባዕድ ጋርም ቢሆን ለመኖር ሞክሯል ማለት ነው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ሲይዝ ግን በ1923 ውሎቹ ሁሉ ተቀደዱ። ኢድሪስ አስቀድመው ወደ ግብጽ ሄደዋል። የጀበል አኽደርን ትግል የመምራቱ አደራ የወደቀው ስልሳ ዓመት ባለፋቸው መምህር ትከሻ ላይ ነበር።

በሰኔ 1929 ሸኽ ዑመር ከጣልያኑ ገዥ ከባዶልዮ ጋር ሲዲ ረሑማ ላይ ተቀመጡ። ያነሷቸው ጉዳዮች በሃይማኖት ጣልቃ እንዳይገባ፣ ዐረብኛ እንዲከበር፣ የተነጠቀ ንብረት እንዲመለስ የሚሉ ነበሩ። አቤቱታ እንጂ የጦር አዋጅ አይመስሉም። ጣልያኖች ግን ድርድሩን እጅ መስጠት አድርገው አወሩት። ሸኹም በግብጽ ጋዜጦች ማስተባበያ አወጡ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ተኩሱ ተመለሰ። እንደኔ አስተያየት ነገሩ የለየለት እዚህ ላይ ነው። አቤት የሚባልበት ደጅ ሲዘጋ የቀረው ነጻነት ብቻ ነበር።

በ1930 ግራዚያኒ መጣ። ዛዊያዎች ተዘጉ፤ ወቅፋቸው ተወረሰ። ወደ 100,000 የሚጠጋ የጀበል ሕዝብ ከነከብቱ ተነድቶ በረሃ ላይ ሽቦ ታጠረበት። በዚያ ካምፕ በረሃብና በበሽታ በአሥር ሺህዎች አለቁ። ከባሕሩ እስከ ጀግቡብ በግብጽ ድንበር የተዘረጋው የሽቦ አጥር ብቻውን 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ለሙጃሂዶቹ ስንቅም ጥይትም የሚገባበት መንገድ ጠፋ።

እዚህ ላይ አንገት የሚያስደፋ ነገር አለ። ሊቢያ ውስጥ ለጣልያን ከተዋጉት መካከል ብዙ የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ። ኋላም ኦጋዴን ላይ እኛን እንዲወጉ ሊቢያውያን ተላኩ። ወራሪው አንዱን ተገዥ በሌላው ይመታ ነበር።

ሸኽ ዑመር ሴፕቴምበር 11 ቀን 1931 ፈረሳቸው ተመትቶ ሲወድቅ ተያዙ። በአራተኛው ቀን ቤንጋዚ ላይ ችሎት ተቀመጠ፤ ፍርዱ ግን አስቀድሞ ያለቀ ነበር። የተመደበላቸው ጣልያናዊ መኮንን ከልቡ ስለተሟገተላቸው ተቀጣ። በማግስቱ ሱሉቅ ላይ፣ ተሰብስቦ እንዲያይ በተገደደ 20,000 ያህል ሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ግድም ነበር። አላህ ይዘንላቸው።

ሲዲ ረሑማ ላይ ከሸኹ ጋር የተቀመጠው ባዶልዮ በሜይ 1936 አዲስ አበባ ገባ። ወዲያው ግራዚያኒ ተተካው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 የሆነውን አያቶቻችን ነግረውናል። ሊቢያ በዲሴምበር 24 ቀን 1951 ነጻ ስትወጣ የነገሡት ያኔ ወደ ግብጽ የሄዱት ሲዲ ኢድሪስ ናቸው።