ንጉሠ ነገሥቱና የጄኔቭ ሰዓት

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ እጀርሳ ጎሮ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ታሪካቸውን በዘውዱ በኩል የጻፉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በአንዲት ከተማና በአንድ የእጅ ሰዓት በኩል ልተርከው አስቤአለሁ። ከተማዋ የሰዓት ሠሪዎች አገር ጄኔቭ ናት።

ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መቀመጫው ጄኔቭ ወደ ነበረው የመንግሥታት ማኅበር ገባች። በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚያው ጄኔቭ በጉባኤው ፊት ቆመው ስለ መርዙ ጋዝና ስለ ፈረሰው ቃል ኪዳን በአማርኛ ተናገሩ። ጉባኤው ሰማ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት ወሰነ። ከዚህ የበለጠ ክሕደት አላውቅም።

ከስደት ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በኅዳር 1947 ዓ.ም. ደግሞ ስዊስን በክብር ጎበኙ። ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የጄኔቭ ቤት የሠራው የወርቅ ሰዓት እጃቸው የገባው በዚህ ጉብኝት ጊዜ ነው ይባላል።

ሰዓቱ ቁጥር 2497 ከሚባለው ዓይነት ነው፤ ከዚህ ዓይነት የተሠሩት ሁለት መቶ አይሞሉም። ዕለቱንና ወሩን በሁለት ትንንሽ መስኮቶች፣ ቀኑንና የጨረቃዋን መጠን ከታች ያሳያል። የፈረንጆች ወር አንዱ 30፣ አንዱ 31፣ የካቲታቸውም 28 ወይም 29 ስለሆነ፣ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን መንኰራኩሮች የአራቱን ዓመት ልዩነት ሁሉ እያወቁ ይዞራሉ። እስከ ፈረንጆች 2100 ድረስ ሰዓቱ እስካልቆመ እጅ አያስፈልገውም። (በእኛ አቈጣጠር ቢሆን ኖሮ የሠሪው ድካም ለጳጉሜን ብቻ በሆነ ነበር!)

እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ። ከጭላሎ ግርጌ የሚያርስ ገበሬ ሰዓቱን የሚያውቀው በጥላው ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ሥራ በስዊድኖች ርዳታ በጭላሎ አውራጃ ሲጀመር የስንዴው ምርት አደገ፤ ነገር ግን ትርፉን ያየ ባለርስት ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን ከነቤተሰቡ አስነሣው። ለጭሰኛው መብት የተረቀቀው ሕግ ከፓርላማው ሳይወጣ ቀረ። በጄኔቭ ስለ ግፍ የተናገሩ ንጉሥ፣ በአርሲ መሬት ላይ ስለሚሠራው ግፍ ሲዘገዩ ማየት ያሳዝናል። የጄኔቩን ድፍረታቸውን ግን ማንም ሊነሣቸው አይገባም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው በአንዲት ቮልስዋገን ተወሰዱ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ነሐሴ 21 ቀን እንደ ሞቱ ተነገረ። ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ተገኝቶ፣ በ1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።

ሰዓቱስ? በ2008 ዓ.ም. ክሪስቲስ የተባለው የሐራጅ ቤት ሊሸጠው ሲል ቤተሰቡ የእኛ ነው ብሎ ስለ ተከራከረ ከሽያጩ ወጣ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ግን እንደ ገና ቀርቦ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። የተሸጠውም እዚያው ጄኔቭ ነው።