ይድነቃቸው ተሰማና የአማተሮች ሜዳ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ስመ ጥር ባለቅኔ ነበሩ፤ ልጅየው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በእግራቸው ነው። ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ የገቡት ክለቡ በ1928 ዓ.ም. በተቋቋመ ሰሞን ሲሆን፣ ወዲያው ጠላት ገባ። ፋሺስቶች የአገሩ ልጅ ከነጭ ጋር እንዳይጋጠም ከለከሉ፤ የክለቡንም ስም ለውጠው ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር አሰኙት። በጨዋታ ሜዳ ላይ እንኳ የቀለም አጥር ተተክሎ ያየ ወጣት፣ ቀሪ ዘመኑን ያንን አጥር ሲነቅል ቢኖር አያስደንቅም።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ ተወዳዳሪዎቹ አምስት ብቻ ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱ። ይሁን እንጂ ትናንት የተከለከለው ግጥሚያ ዛሬ በደንብና በዳኛ መደረጉ ከዋንጫው ይበልጥ ነበር። ውድድሩ እየሰፋ ሲሄድ የምሥራቁም ተራ ደረሰ፤ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1952፣ በ1954 እና በ1955 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ።

ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አስቀረ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁሩን ቀላቅላ አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው ዋንጫ ውጭ ሆነች። የሊቶሪዮን ዘመን ላየ ሰው ነገሩ አዲስ አልነበረም።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. 10ኛው ዋንጫ በኢትዮጵያ ሲደረግ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር የተጫወቱት በድሬዳዋ ነው። ያ ደስታ ብዙም አልቆየ። በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ተጠቃች፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር ተያዘች፤ ነጻ የወጣችውም በዚያው ዓመት የካቲት 26 ቀን ነበር። ኢትዮጵያም ሶማሊያም የኮንፌዴሬሽኑ አባሎች ነበሩና፣ ይድነቃቸው ሁለቱ ተዋጊ አገሮች በጋራ የያዙትን ማኅበር መምራት ነበረባቸው። ይህ ከማሠልጠን የከበደ ሥራ ነው።

እስከ መጨረሻው ያስጨነቃቸው ግን የተጫዋች ፍልሰት ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን በውጭ አገር ከሚጫወቱት ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚከለክለው ደንብ በ1974 ዓ.ም. ተሻረ። ደንቡ የተጫዋቹን እንጀራ የሚዘጋ ስለ ነበር መሻሩ አይነቀፍም፤ የይድነቃቸው ሥጋት ግን፣ የአገር ቤት ክለቦች ያሳደጉትን ልጅ ለባለ ገንዘብ አስረክበው ባዶ እንዳይቀሩ ነበር። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና በፕሬዚዳንትነት ወንበራቸው ላይ ነበሩ።