አንስታይንን ያረመው ሰው

እኛ ሕግ የተማርን ሰዎች፣ ዳኛ የገዛ ውሳኔውን በራሱ እጅ ሲያርም ማየት ብርቃችን ነው። የአሌክሳንደር ፍሪድማን ታሪክ ደጋግሞ የሚስበኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1888 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። የተማረው ሒሳብ ነው፤ እንጀራ የበላበት ደግሞ የአየር ጠባይ ጥናት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሩሲያ የአውሮፕላን ጓድ ጋር ዘምቶ፣ ከአየር የተጣለ ቦምብ የት እንደሚያርፍ ያሰላ ነበር፤ ራሱም እየበረረ ይሞክረው ነበር።

አንስታይን በ1917 የማይሰፋና የማይጠብ አጽናፈ ዓለም ነድፎ ነበር። ንድፉ እንዲሰምርለትም በገዛ የስበት ቀመሩ ላይ አንድ ቋሚ ቁጥር ጨመረ። ፍሪድማን ከእርስ በርስ ጦርነት ገና ባላገገመችው ፔትሮግራድ ተቀምጦ ያንኑ ቀመር ፈታው። አጽናፈ ዓለም ሊሰፋም፣ ሰፍቶ መልሶ ሊኮማተርም እንደሚችል አገኘ። ግኝቱን በ1922 በጀርመን የፊዚክስ መጽሔት አወጣው። አንስታይን ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው መጽሔት፣ በአጭር ጽሑፍ ስሌቱን ውድቅ አደረገው።

በዘመኑ ከአንስታይን በላይ ይግባኝ ሰሚ አልነበረም። ፍሪድማን ይግባኙን ለራሱ ለፈራጁ አቀረበ፤ ስሌቱን ዘርዝሮ ደብዳቤ ጻፈለት። በ1923 ባልደረባው ዩሪ ክሩትኮቭ አንስታይንን ኔዘርላንድስ፣ ላይደን ከተማ አግኝቶ ጉዳዩን አስረዳው። አንስታይንም የተሳሳተው ራሱ መሆኑን በዚያው መጽሔት አስታወቀ። የተቀበለው ግን ሒሳቡን ብቻ ነበር፤ አጽናፈ ዓለም በእርግጥ ይሰፋል ብሎ ገና አላመነም።

ፍሪድማን ማረጋገጫውን ለማየት አልታደለም። በ1925 ሐምሌ ለምርምር በፊኛ 7,400 ሜትር ከፍታ ወጣ፤ በመስከረም በታይፎይድ ሞተ። ዕድሜው 37 ነበር። ጋላክሲዎች እየተራራቁ መሆናቸውን ኤድዊን ኸብል ያሳየው በ1929 ነው።

በ1998 ደግሞ መስፋፋቱ እየፈጠነ መሆኑ ታወቀ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ገሚሱ ጥቁር ኃይል ይላል፤ ሌላው መሻሻል ያለበት የአንስታይን የስበት ሕግ ራሱ ነው ይላል። የሚገርመው፣ ሕጉን የሚያሻሽሉትም አዲሱ ሐሳባቸው ምን ዓይነት አጽናፈ ዓለም እንደሚያስከትል የሚመረምሩት የፍሪድማንን ቀመሮች አስተካክለው በመጻፍ ነው።

በእኛ አገር ደካማው ኃይለኛውን በሕግ አምላክ ብሎ ያስቆመው ነበር። የፍሪድማን ደብዳቤም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቃል የሚሠራው ሰምቶ የሚቆም ሲኖር ነው። ለእኔ የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ነው፤ አቤት ባዩም አልፈራም፣ ፈራጁም አላፈረም።