ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር

ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር (የትውልድ ስሟ ሳራ ብሪድላቭ፤ ዲሴምበር 23 ቀን 1867 – ሜይ 25 ቀን 1919 እ.ኤ.አ.) ፀጉራቸው ለሳሳና ለሚረግፍ ጥቁር ሴቶች የሚሆን ቅባት ሠርታ በመሸጥ የከበረች ጥቁር አሜሪካዊት ነጋዴ ነበረች። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

ሳራ የተወለደችው በሉዊዚያና ግዛት፣ ዴልታ በተባለች መንደር አጠገብ በሚገኝ የጥጥ እርሻ ላይ ነው። አባቷ ኦወንና እናቷ ሚነርቫ በዚያው እርሻ በባርነት ይሠሩ ነበር። ከቤተሰቡ ልጆች መካከል ከባርነት ነፃ አዋጁ በኋላ የተወለደች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። 7 ዓመት ሲሞላት አባትም እናትም አልነበራትም። ከእኅቷ ከሉቬኒያ ጋር ወደ ቪክስበርግ ከተማ ሄደች፤ በ14 ዓመቷም ሞሰስ ማክዊሊያምስ የተባለ ሰው አገባች። በ1885 ሌሊያ የተባለች ሴት ልጅ ወለደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሏ ሲሞት ልጇን ይዛ ወንድሞቿ ፀጉር አስተካካይ ሆነው ወደሚሠሩባት ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደች፤ በዚያም የሰው ልብስ እያጠበች ለብዙ ዓመታት ኖረች።

የፀጉሯ መርገፍ

በ1890ዎቹ ሳራ የራስ ቆዳ በሽታ ያዛት፤ ፀጉሯም እየሳሳ ሄዶ በቦታ በቦታው ተመለጠ። ይህ ችግር የእሷ ብቻ አልነበረም። በዘመኑ የአብዛኛው ድሃ ቤት የቧንቧ ውኃ አልነበረውም፤ ራስ የሚታጠበውም ከስንት ጊዜ አንዴ ነበር። በዚህ ላይ ፎረፎር፣ ቆዳን የሚያቃጥል ጠንካራ ሳሙናና የምግብ እጥረት ሲጨመሩ ፀጉር ሳያድግ ይሰባበራል።

ሳራ ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን ሞከረች። ከእነዚህ አንዱ አኒ ተርንቦ (በኋላ አኒ ማሎን) የምትሸጠው የፀጉር ማሳደጊያ ነበር። ተርንቦ ራሷ ጥቁር ነጋዴ ስትሆን፣ ሳራም ወኪሏ ሆና መሸጥ ጀመረች። በ1905 ወደ ዴንቨር ስትዛወር በእጇ የነበረው ገንዘብ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ እንደነበር ይነገራል። በማግሥቱ ዓመት የጋዜጣ ማስታወቂያ ሠራተኛ የነበረውን ቻርልስ ጆሴፍ ዎከርን አገባች፤ የንግድ ስሟንም ያገኘችው ከእሱ ነው። ነጮች ጥቁር ሴትን በመጀመሪያ ስሟ ብቻ በሚጠሩበት አገር ማዳም የሚለው ማዕረግ ከማስታወቂያም በላይ ትርጉም ነበረው።

ቅባቱና አሠራሩ

ሳራ በራሷ ስም ለገበያ ያቀረበችውን ቅባት ድንቅ ፀጉር ማሳደጊያ ብላ ሰየመችው። ቅመሙን በሕልሟ አንድ ጥቁር ሰው እንደነገራት ትናገር ነበር። ይሁን እንጂ በቅባቱ ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ነገሮች ድኝና ቫዝሊን ነበሩ፤ ድኝ ደግሞ ለራስ ቆዳ በሽታ ማከሚያነት ከእሷ በፊት የታወቀ ነው። የተርንቦም ቅባት ተመሳሳይ ስም ስለነበረው ሁለቱ ሴቶች ተቀያይመው ቀሩ።

ቅባቱ በእርግጥ ፀጉር ያበዛ ነበር ወይ? የሞተ የፀጉር ሥር በቅባት አይነሣም። ነገር ግን የዎከር ዘዴ ቅባት ብቻ አልነበረም፤ ራስን ከተለመደው በበለጠ አዘውትሮ መታጠብን፣ የራስ ቆዳን ማሸትንና ቅባቱን አከታትሎ መቀባትን ያዝዝ ነበር። ድኙ ፎረፎርንና የቆዳ ቁስለትን ሲቀንስ በሕይወት ያሉት ሥሮች ማብቀል ይችላሉ። ቫዝሊኑ ደግሞ ፀጉሩን ሸፍኖ ከመድረቅና ከመሰበር ይጠብቀዋል። ገና ሳይረዝም ይሰበር የነበረው ፀጉር ሳይሰበር ሲቆይ ይረዝማል፤ የሳሳውም ሞላ ብሎ ይታያል። ዎከር ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሣቻቸውን የራሷን ፎቶግራፎች በማስታወቂያ ላይ ታወጣ ስለነበር ገዢዎች ማስረጃውን ከፊቷ ያዩ ነበር።

የጋለ የብረት ማበጠሪያን የፈጠረችው እሷ ናት የሚባለው ስሕተት ነው። በእርግጥ ወኪሎቿ ፀጉር ለመተኮስ ይጠቀሙበት ነበር፤ እሷ ግን ፀጉር ተኳሽ መባልን አትወድም ነበር፤ ሥራዬ የራስ ቆዳን ጤና መመለስ ነው ትል ነበር። ይህ ክርክሩን አልዘጋውም። አንዳንድ የጥቁሮች መሪዎችና ቄሶች የፀጉር ንግዱን ነጮችን መምሰል ነው ብለው ነቅፈውታል። ለፍትሕ ያህል፣ በሕይወት ሳለች የቆዳ ማንጫ ቅባት አልሸጠችም፤ ኩባንያው ይህን ሸቀጥ የጨመረው ከሞተች በኋላ ነው።

ንግዱ

መጀመሪያ ከቤት ወደ ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን እየዞረች ትሸጥ ነበር። በ1908 በፒትስበርግ በልጇ ስም ሌሊያ ኮሌጅ የተባለ የፀጉር ሥራ ማሠልጠኛ ከፈተች። በ1910 ዋና መሥሪያ ቤቷን ወደ ኢንዲያናፖሊስ አዛወረች፤ ፋብሪካም አቋቋመች። ወኪሎቿ አብዛኞቹ እንደ ቀድሞዋ ሳራ ልብስ አጣቢና የቤት ሠራተኛ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ምናልባት ትልቁ ሥራዋ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ቅባቱን ሌላም ሰው ይሠራው ነበር።

በ1912 በቺካጎ በተደረገው የጥቁር ነጋዴዎች ጉባኤ ሊቀ መንበሩ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የመናገር ዕድል አልሰጣትም። ዎከር ሳይፈቀድላት ተነሥታ ከጥጥ እርሻ ተነሥታ የራሷን ፋብሪካ እንዴት እንደሠራች ተናገረች። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ራሱ ዋሽንግተን ተናጋሪ አድርጎ አቀረባት።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1916 ወደ ኒው ዮርክ ሐርለም ተዛወረች። በ1917 በኢስት ሴንት ሉዊስ ጥቁሮች በተገደሉ ጊዜ፣ በሕገ ወጥ መንገድ በመንጋ ሰው መግደል እንዲከለከል ለመጠየቅ ወደ ዋይት ሐውስ ከሄዱት መልእክተኞች አንዷ ነበረች፤ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ግን አልተቀበሏቸውም። ለዚሁ ትግል 5,000 ዶላር ለመስጠት ቃል ገባች። በኸድሰን ወንዝ አጠገብ ያሠራችውን ቪላ ሌዋሮ የተባለውን መኖሪያ የነደፈው ጥቁሩ አርክቴክት ቨርትነር ታንዲ ነው። በዚህ ቤት ብዙ አልቆየችም፤ የደም ግፊትና የኩላሊት በሽታ በ51 ዓመቷ ገደላት።

ስትሞት ሀብቷ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። ስለዚህ በራሷ ጥረት ሚሊዮነር የሆነች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት የሚለው ማዕረግ ያከራክራል፤ አንዳንዶች ለቀድሞ አሠሪዋ ለአኒ ማሎን ይሰጡታል። ኩባንያውን ልጇ ወረሰች፤ በ1927ም ፋብሪካን፣ የውበት ትምህርት ቤትንና ቲያትር ቤትን አንድ ላይ የያዘው የዎከር ሕንፃ በኢንዲያናፖሊስ ተከፈተ።