ጀምስ ብሩስና የክረምት ነጐድጓድ

ተማሪዎች! በአርብ ገበያ፣ በስማዳ ወይም በእስቴ የምትኖሩ ከሆነ፣ ጧት ጠርቶ የነበረው የክረምት ሰማይ ከቀትር በኋላ ጠቁሮ ሲያጓራ ብዙ ጊዜ አይታችኋል። ከ250 ዓመት ገደማ በፊት ይህንኑ በጎንደር ሆኖ በጥንቃቄ የተመለከተ አንድ መንገደኛ ነበር፤ ስሙም ጀምስ ብሩስ ይባላል።

ብሩስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1730 በስኮትላንድ ተወለደ። የዓባይን ምንጭ ለማየት ቆርጦ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770 ጎንደር ገባ። በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች ስላስታመመ ሞገስ አገኘ፤ ያዕቆብም ተባለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 4 ቀን ከግሽ ዓባይ ደረሰ። ይሁን እንጂ ጴድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት ምንጩን አይቶ ነበር።

የብሩስ ትጋት ግን በምንጩ ብቻ አልተወሰነም። አገሩ በራስ ሚካኤል ስሑልና በባላጋራዎቻቸው ጦርነት በታወከበት ዘመን እንኳ፣ በ1770 በጎንደር፣ በ1771 በቍስቋም የዝናቡ መጠን እየተለካ ይመዘገብ ነበር። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ትንሽ ደመና በምሥራቅ ብቅ ብላ እየተሽከረከረች ወደ ሰማይ መካከል እንደምትወጣ፣ በዚያም ተዘርግታ ሌሎችን እንደምትሰበስብ ጻፈ። ነጐድጓድና ዝናብ የሚከተሉት ደመና ከደመና ጋር ሲጋጭ ይመስለው ነበር።

ምክንያቱን ዛሬ በሚገባ እናውቃለን። ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ እርጥቡ አየር ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝም እንፋሎቱ ደመና ይሆናል። እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት ደመናውን ይበልጥ ያሳድገዋል። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ዝናቡና በረዶው ቀዝቃዛ አየር ይዘው ይወርዳሉ፤ በአንዱ ደመና ውስጥ አየር ይወጣልም ይወርዳልም። በውስጡ የሚጋጩት የበረዶ ቅንጣቶች ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥሩ መብረቅ ይወለዳል። በሦስተኛው ደረጃ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር የሚወጣውን ሙቅ አየር ይቈርጠዋል፤ ደመናውም ይሟሽሻል። እነዚህ ደረጃዎች በግልጽ የታወቁት በ1946 እና በ1947 በአሜሪካ አውሮፕላኖች በነጐድጓድ ደመና ውስጥ በርረው ከለኩ በኋላ ነው።

ብሩስ በ1774 ለንደን ሲመለስ ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን ብዙዎች አላመኑትም፤ ተሳለቁበትም። መጽሐፉን በ1790 በአምስት ቅጽ አሳትሞ፣ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ኋላ የመጡ ተጓዦች ግን ከምስክርነቱ ብዙውን እውነት ሆኖ አገኙት።

እንግዲህ ልብ በሉ! ብሩስ የነጐድጓዱን ምክንያት በትክክል አላወቀም፤ ያየውን ግን ሳይታክት ስለ መዘገበ ሥራው እስከ ዛሬ ይነበባል። እናንተም የደመናውን እድገት ተመልከቱ፣ ጻፉም። ደመናው ተቈልሎ ሲጠቁር ግን ከብቸኛ ዛፍ ሥር ሳትጠለሉ ፈጥናችሁ ወደ ቤት ግቡ።